የቦርድ አባላትን የት እናሠልጥን? ጎንደር ላሉ ድርጅቶች የቀረበ ንጽጽር

ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ አገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ ውስጥ እነማን ይቀመጣሉ? ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ነርስ አለች። ፒያሳ ሱቅ ያለው ነጋዴ አለ። በሰበካ ጉባኤ የሚያገለግሉ አባት አሉ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው አይጠፋም። ሁሉም የሚሰበሰቡት ያለ ደመወዝ ነው። አብዛኞቹ ቦርድ የገቡት ወዳጃቸው የሆነ መሥራች "እባክህ አግዘኝ" ብሏቸው ነው። ምን ኃላፊነት ላይ እንደፈረሙ ቁጭ አድርጎ ያስረዳቸው ሰው ግን የለም።

ከዚያ አንድ ቀን ለጋሹ "ቦርዳችሁ ሥልጠና ወስዷል ወይ?" ይላል። ወይም ኦዲተሩ ደስ የማይል ደብዳቤ ይጽፋል። ጥያቄው ያኔ ይመጣል። አዲስ አበባ እንላካቸው? አሠልጣኝ እናምጣ? ዩኒቨርሲቲውን እንጠይቅ? በኢንተርኔት አይበቃም ወይ?

እነዚህን አራት መንገዶች ላነጻጽርላችሁ ነው። አምስተኛም አለ፤ እሱን በአጭሩ አነሳዋለሁ። የኔን አቋም ግን ከወዲሁ ልናገር። ለሥልጠና የሚወጣ ገንዘብ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ሙሉ ቦርዱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ድርጅት ወረቀት ዘርግቶ የሚማርበትን መንገድ ምረጡ። ለምን እንዲህ እንደምል ወደ ታች ስንወርድ ይታያል።

ከመምረጣችሁ በፊት፦ ምን መማር አለባቸው?

አሠልጣኝ ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ካልጨረሳችሁ የምትገዙት ሥልጠና የሌላ ሰው ሥልጠና ይሆናል።

መጀመሪያ ሕጉ ነው። ዋናው ሰነድ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሽሮ የመጣ ነው። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ዛሬም "ሰባ ሠላሳ" እያለ የሚያሠለጥን ሰው ሊገጥማችሁ ይችላል። ሰባ ሠላሳ (ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር ወጪ) የድሮው ሕግ ነገር ነው። በአሁኑ አዋጅ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ምን ምን እንደሆነም አብሮ ተለውጧል። ይህን የማይለይ አሠልጣኝ ሌላው ነገር ሁሉ ቢያምርለትም ይቅርባችሁ።

ቀጥሎ የድርጅታችሁን ዓይነት እወቁ። ማኅበር ናችሁ ወይስ በቦርድ የሚመራ ድርጅት? በማኅበር የበላይ አካሉ የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ቦርዱ የሚመረጠው በጉባኤው ነው፤ ተጠሪነቱም ለጉባኤው ነው። በቦርድ በሚመራ ድርጅት ግን ከቦርዱ በላይ የሚቀመጥ አካል ቤት ውስጥ የለም። ስለዚህ የሁለቱ ቦርዶች ሸክም እኩል አይደለም። የተመዘገባችሁበት ቦታም ይለያያል። በአማራ ክልል ብቻ የሚሠራ ድርጅት ጉዳዩ ከክልሉ ጋር ነው። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራው ደግሞ ከፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ጋር ነው። አዲስ አበባ የሚሰጥ ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ዓይነት አስቦ ነው የሚዘጋጀው።

ሦስተኛው ነገር ኃላፊነቱ ራሱ ነው። በዓለም ላይ ስለ ቦርድ ሲወራ ሦስት ግዴታዎች ይጠቀሳሉ። አንደኛው የጥንቃቄ ግዴታ ነው፤ ስብሰባ መገኘት፣ ወረቀቱን አንብቦ መምጣት፣ ያልገባን መጠየቅ። ሁለተኛው የታማኝነት ግዴታ ነው፤ የራስን፣ የዘመድን፣ የወዳጅን ጥቅም ከድርጅቱ ጥቅም በታች ማድረግ። ሦስተኛው ለዓላማው የመገዛት ግዴታ ነው፤ ለዓይነ ስውራን ትምህርት የመጣ ገንዘብ ለሌላ መልካም ሥራም ቢሆን አይዛወርም። በተግባር ሲወርድ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሥራ አስኪያጁን መቅጠርና መገምገም፣ እቅድና በጀት ማጽደቅ፣ የውጭ ኦዲተር ሪፖርትን ማንበብ፣ ፖሊሲዎችን ማውጣት፣ ቃለ ጉባኤ በሥርዓት መያዝ። የዕለት ተዕለቱን ሥራ መሥራት ግን የቦርድ ሥራ አይደለም። ቢሮ እየሄደ የመኪና ስምሪት የሚፈርም ሰብሳቢ ጎበዝ ሰብሳቢ ተደርጎ ይታያል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሥራ አስኪያጁን ተጠያቂ የሚያደርግ ሰው ጠፋ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ተጠያቂ አድራጊው ራሱ ሠራተኛ ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ጎንደር ውስጥ ስለ አመራር ምንም የማያውቅ የቦርድ አባል የለም። ሁሉም እድርተኛ ነው። የእድር ዳኛ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጸሐፊው መዝገብ እንደሚይዝ፣ ገንዘብ ያዡ ብቻውን ገንዘብ እንደማያወጣ፣ የቀረ ሰው እንደሚቀጣ ያውቃል። ጥሩ አሠልጣኝ ከዚህ ይነሳል። ልዩነቱንም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በእድር ገንዘቡ የአባላቱ ነው። ገንዘቡ ከጎደለ የከፈለው ሰው እዚያው ስብሰባ ላይ ቆሞ ይጮኻል። በበጎ አድራጎት ድርጅት ግን የገንዘቡ ባለቤቶች ስብሰባው ውስጥ የሉም። የአዘዞዋ ወላጅ አልባ ልጅ ስብሰባ ላይ እጇን አታወጣም። በእሷ ፈንታ የሚጮኸው ቦርዱ ነው። ይህ አንድ ሐሳብ የገባው የቦርድ አባል ቀሪውን ለመማር አይቸገርም።

መንገድ አንድ፦ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር መላክ

በጣም የተለመደው ይህ ነው። ከለጋሽ ወይም ከኅብረት ግብዣ ይመጣል። ሰብሳቢው ወይም ሥራ አስኪያጁ ይሄዳል። ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፤ አበል አለ፤ ሰርተፍኬት አለ።

ጥቅሙን አላቃልልም። አዲስ አበባ ላይ ሕጉን የሚያስፈጽሙትን ሰዎች ፊት ለፊት ታገኛላችሁ። አዲስ መመሪያ ሲወጣ ቀድሞ የሚሰማው እዚያ ነው። እንደ ሲሲአርዲኤ (የክርስቲያን የእርዳታና የልማት ማኅበራት ኅብረት) ያሉ፣ በ1965 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ተመሥርተው እስከ ዛሬ የዘለቁ ኅብረቶች ብዙ ልምድ አላቸው። ከሌላ ክልል ድርጅቶች ጋር የሚፈጠረው ትውውቅ በኋላ ፕሮጀክት ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። እውቀቱ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። ሰባት አባላት ካሉና አንዱ ብቻ ከሠለጠነ፣ ስድስቱ ያው ናቸው። እንዲያውም ሊብስ ይችላል። የሠለጠነው ሰው "ሕጉ እንዲህ ይላል" ሲል የሚሞግተው አይኖርም። ቦርዱን የሚመለከት ሥልጠና ላይ ሥራ አስኪያጁ ተወክሎ ሲሄድ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ይገለበጣል። ተቆጣጣሪው ሳይማር ተቆጣጣሪውን እንዴት እንደሚይዝ የተማረው ተቆጣጠሩት የተባለው ሰው ሆነ ማለት ነው።

ወጪውንም ተመልከቱ። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ሰሞን የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ብዙ ሰው ከአዘዞ በአውሮፕላን ነው የሚሄደው። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ግን እሱም ቢሆን የመንገዱን ሁኔታ ሳይጠይቁ የሚነሱበት አይደለም። የሁለት ሰው ትኬትና ሆቴል ሲደመር ጎንደር ላይ ሙሉ ቦርዱን ሊያሠለጥን የሚችል ገንዘብ ነው።

ወጪውን ሌላ አካል ከቻለ ሂዱ፤ ግብዣ አይመለስም። ግን ሁለት ሰው ይሂድ። አንዱ ሒሳብ የሚከታተለው አባል ይሁን። ሲመለሱ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሰዓት ተሰጥቷቸው የተማሩትን እንዲያስረዱ አጀንዳ ይያዝ። ይህ ከመሄዳቸው በፊት በቃለ ጉባኤ ካልተጻፈ አይደረግም።

መንገድ ሁለት፦ አሠልጣኝ ጎንደር ድረስ ማምጣት

እኔ ለአብዛኞቹ ድርጅቶች የምመክረው ይህን ነው። ሙሉ ቦርዱ አለ። ሥራ አስኪያጁ አለ፣ ወይም በተወሰነው ክፍል ይወጣል። የምትማሩበት ምሳሌ የራሳችሁ መተዳደሪያ ደንብ፣ የራሳችሁ ቃለ ጉባኤ፣ የራሳችሁ ኦዲት ሪፖርት ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ ውሳኔ ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ ምልአተ ጉባኤው እዚያው ተሟልቷልና።

ጥቅሙ ሁሉ ግን በአሠልጣኙ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት የምትጠይቁት ነገር አለ። መጀመሪያ፣ እሱ ራሱ ምን ይጠይቃችኋል? "መተዳደሪያ ደንባችሁንና ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ቀድማችሁ ላኩልኝ" ካለ ጥሩ ምልክት ነው። "ስንት ሰው ነው? ፕሮጀክተር አለ?" ብቻ ካለ የተዘጋጀ ስላይድ ይዞ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ፣ በቦርድ ውስጥ ተቀምጦ ያውቃል? የተጣላ ቦርድ አይቶ ያውቃል? ከዚያ ሥልጠናው ሲያልቅ ምን ጽፋችሁ እንደምትጨርሱ ይንገራችሁ። የጥቅም ግጭት መግለጫ ቅጽ ሊሆን ይችላል። የሥራ አስኪያጁ መገምገሚያ ሊሆን ይችላል። የዓመት የስብሰባ መርሐ ግብር ሊሆን ይችላል። ምንም የማይጻፍበት ሥልጠና ንግግር ነው። በመጨረሻም ደረሰኝ ይሰጣል ወይ? ስለ መልካም አስተዳደር አስተምሮ ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ኦዲተራችሁ ፊት ያዋርዳችኋል።

አንድ ዋና ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በኛ ቦርዶች ውስጥ ትልቁ እንቅፋት የእውቀት ማነስ አይመስለኝም። ይሉኝታ ነው። ሰብሳቢው በዕድሜ የገፉ የተከበሩ አባት ናቸው። "ይህ ሒሳብ አልገባኝም" ማለት ድፍረት ይመስላል። ሥራ አስኪያጁ ድርጅቱን ከምንም ተነስቶ ያቆመ ሰው ነው። "ይህ ዕቃ ያለ ፕሮፎርማ (ያለ ሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ለምን ተገዛ?" ማለት እሱን በሌብነት መጠርጠር ይመስላል። ወጣቷ አባል ሐሳብ አላት፤ ግን ትልልቆቹ ሳይጨርሱ አትናገርም። ሲጨርሱ ደግሞ ሰዓቱ አልቋል። ሁሉም ሰው ከስብሰባው ሲወጣ ደጅ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው እውነቱን የሚነጋገረው።

ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ አሠልጣኝ ይህን ካልነካ ምንም አልፈየደም። የሚነካበት መንገድ ደግሞ አለ። "ግልጽ ተነጋገሩ" ብሎ መምከር አይሠራም። የሚሠራው ጥያቄውን ሰው ሳይሆን ደንቡ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ለምሳሌ እያንዳንዱ ስብሰባ ሲጀመር "በዛሬው አጀንዳ ላይ የጥቅም ግጭት ያለበት አለ?" የሚል ጥያቄ ለሁሉም በየተራ ይቅረብ። ሰብሳቢውም ይጠየቁ። ሁልጊዜ ስለሚጠየቅ ማንም አይከፋም። ከተወሰነ ብር በላይ የሆነ ግዥ ሁሉ ሦስት ፕሮፎርማ ይያያዝበት፤ ያኔ "ለምን?" ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፣ ወረቀቱ አለ ወይም የለም። በጀት ሲቀርብ ከሁሉም በፊት በዕድሜ ትንሹ አባል ይናገር። ይህን ደንብ አድርጎ ማጽደቅ ይቻላል። አባቶቻችን በሽምግልናም ቢሆን የመናገሪያ ሥርዓት አላቸው፤ ሥርዓት ማውጣት አክብሮትን አይቀንስም። አሠልጣኙን ከመቅጠራችሁ በፊት ስለ ይሉኝታ ጠይቁት። መልሱ የሰውየውን ችሎታ ይነግራችኋል።

ሁለት ሙሉ ቀን በተከታታይ ከሚሆን አራት ግማሽ ቀን ቢሆን ይሻላል። ከሩቅ የሚመጣ አሠልጣኝ ይህን ላይችል ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሁለት ቀን ይሁንና ከሁለት ወር በኋላ በስልክ ወይም በቪዲዮ አንድ የክትትል ስብሰባ ውል ውስጥ አስገቡ። አዳራሹ ትልቅ ሆቴል መሆን የለበትም። የድርጅቱ ቢሮ ከጠበበ የአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ይበቃል።

መንገድ ሦስት፦ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያሉ ባለሙያዎች

ጎንደር በዚህ እድለኛ ናት። በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የጀመረው ተቋም ዛሬ ሕግም፣ ሒሳብም፣ ማኔጅመንትም የሚያስተምር ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎት ደግሞ ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ነው። ስለዚህ በደብዳቤ ብትጠይቁ ልመና አይደለም፤ የእነሱም ሥራ ነው።

ቅርብ ናቸው። ወጪው የትራንስፖርትና የቡና ያህል ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ያስረዳሉ። ከሁሉ በላይ ከሥልጠናው በኋላም እዚሁ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ በሦስተኛው ወር ጥያቄ ሲመጣ ይደወልላቸዋል።

ድክመቱ ሌክቸር የመሆን ዝንባሌው ነው። ስላይዱ ከክፍል የመጣ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ስለ ትልልቅ የአክሲዮን ኩባንያዎች አስተዳደር የሚያወራ ሊሆን ይችላል። የአክሲዮን ኩባንያ ቦርድ ለትርፍ ነው የተቀመጠው። የናንተ አይደለም። ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ በፈተና ሰሞን መምህር አይገኝም።

የሚሻለው ሁለት ሰው ማጣመር ነው፤ አንድ የሕግ፣ አንድ የሒሳብ። የሕጉ ሰው አዋጁንና መተዳደሪያ ደንባችሁን ጎን ለጎን ያስነብባችሁ። የሒሳቡ ሰው ደግሞ የባንክ ማስታረቂያ ምን እንደሆነ፣ ኦዲተር ከሪፖርቱ ጋር አያይዞ የሚልከው የማኔጅመንት ደብዳቤ ለምን ከሪፖርቱ ይልቅ እንደሚነበብ በራሳችሁ ሰነድ ያሳያችሁ። ብዙ ቦርድ ኦዲተሩ "ሒሳቡ ትክክል ነው" ማለቱን ሰምቶ ያጨበጭባል። ድክመቶቹ የተዘረዘሩት ግን በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ደብዳቤው አንዳንዴ ከሥራ አስኪያጁ መሳቢያ አይወጣም። አንድ ምሽት ለዚህ ብቻ ቢውል አይቆጭም።

የምሽት ሥልጠና ስታስቡ ግን ከአዘዞ የሚመጡትንና ልጆች ያሏቸውን እናቶች አስቡ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ተጀምሮ ሦስት ሰዓት ላይ የሚያልቅ ነገር ሴት አባላትን ያስቀራል። ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል።

መንገድ አራት፦ በኢንተርኔት መማር

ነጻ ነገር ሞልቷል። የእንግሊዝና ዌልስ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን ለቦርድ አባላት የሚያወጣው መመሪያ በነጻ ይገኛል፤ ጥርት ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው ቦርድሶርስ የሚባለው ድርጅት ሥራው ይኸው ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ለሚያነብ አባል ጥሩ ምንጭ ናቸው።

ግን ሕጋቸው የኛ ሕግ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የቦርድ አባል ከኪሱ እንዲሰጥ ወይም ገንዘብ እንዲያመጣ ይጠበቃል። ይህን ጎንደር አምጥቶ ጡረታ የወጡትን መምህር ማሳፈር ተገቢ አይደለም። ቅጾቻቸውንም እንዳለ መገልበጥ አደጋ አለው። ሐሳቡን ውሰዱ፤ ሕጉን ከአዋጁ ውሰዱ።

የመስመሩን ነገር አትርሱ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በኢንተርኔት ብቻ የታቀደ ሥልጠና በዚያ ዓይነት ጊዜ ይቆማል። ሲኖር አውርዱ፣ አትሙ፣ በቴሌግራም ተቀባበሉ።

በኢንተርኔት ከሚገኘው ሁሉ ለመወያያ የምመርጠው አንድ ታሪክ ነው። ኪድስ ካምፓኒ የሚባል የለንደን ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ተቋቋመ፤ ችግረኛ ልጆችን ይረዳ ነበር። ከመንግሥት ብዙ ገንዘብ ያገኝ ነበር። መሥራቿ በጣም የምትደመጥ ሴት ነበረች። ቦርዱ ውስጥ የታወቁ ሰዎች ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ነሐሴ ላይ በድንገት ተዘጋ። ለክፉ ቀን የተቀመጠ መጠባበቂያ ገንዘብ አልነበረውም። የቦርድ አባላቱ ፍርድ ቤት ቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዳኛዋ ከአመራርነት አይታገዱም ብላ ክሱን ውድቅ አደረገች። ይህን ለቦርዱ አቅርቡና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። እኛ ገንዘብ ቢቋረጥብን ስንት ወር እንቆያለን? መሥራቻችንን "አይሆንም" ያልነው መቼ ነው? ሁለት ሰዓት ሞቅ ያለ ውይይት ታገኛላችሁ፤ ወጪው የወረቀት ማተሚያ ብቻ ነው።

በዙም ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በየቤቱ በስልኩ አይግባ። አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር አድርጋችሁ አብራችሁ ተቀመጡ።

አምስተኛው፦ ከሌላ ቦርድ መማር

ከተማው ውስጥ በደንብ የሚሠራ ድርጅት ካወቃችሁ ስብሰባቸው ላይ ሁለት ሰው በታዛቢነት እንዲገባ ጠይቁ። ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ሪፖርት ምን ያህል ቀን ቀድሞ እንደሚላክ በዓይን ታያላችሁ። የሠራተኛ ጉዳይ ሲመጣ መውጣት አለባችሁ። ለብቻው አይበቃም፤ ከሌላው ጋር ግን በጣም ይጠቅማል።

ለማን የትኛው?

ገና የተመዘገባችሁ ከሆነና ገንዘብ ከሌላችሁ፣ መንገድ ሦስትና አምስት ይበቋችኋል። አዋጁንና ደንቡን አንድ ላይ ማንበብ ብቻውን ከብዙዎች ያስቀድማችኋል።

ለጋሽ ካላችሁና በጀታችሁ ካደገ፣ አሠልጣኝ አምጡ። ወጪውን ከፕሮጀክቱ የአቅም ግንባታ መስመር እንዲሸፍን ለጋሹን ከመጀመሪያው ጠይቁ። ከራሳችሁ ካወጣችሁ በአስተዳደር ወጪ ይቆጠር አይቆጠር ቀድማችሁ ከሒሳብ ሠራተኛችሁና ከኦዲተራችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ 20 በመቶው እንዳያልፍባችሁ። አበልን በተመለከተ ደግሞ፣ የገዛ ከተማው ላይ የገዛ ድርጅቱን ኃላፊነት ለሚማር የቦርድ አባል ትራንስፖርትና ምሳ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ከልጆቹ ድርሻ ላይ ነው።

መሥራቹ ራሱ ሥራ አስኪያጅ ከሆነና የቦርድ አባላቱ የእሱ ወዳጆች ከሆኑ፣ አሠልጣኙን መሥራቹ እንዳይመርጠው። ይህ ጥርጣሬ አይደለም። ብዙ መሥራቾች ደክመው የሚወድቁት ቦርዱ ሸክሙን ስላልተካፈላቸው ነው። ቦርዱ ሁለት ሰው መርጦ አሠልጣኝ ያፈላልግ። ከሥልጠናው ቢያንስ ሁለት ሰዓቱ ሥራ አስኪያጁ በሌለበት ይሁን። ይህም ከመጀመሪያው መርሐ ግብሩ ላይ ተጽፎ ለእሱም ይነገረው። በድንገት "እስቲ ውጣልን" ማለት ቂም ያመጣል።

ማኅበር ከሆናችሁ የቦርዱ ሥልጠና ብቻውን ጎዶሎ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ሲሰበሰብ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለአባላት ስጡ። ሪፖርት ሲቀርብ ምን መጠየቅ እንደሚችሉ ይወቁ። የሚጠይቅ ጉባኤ ያለው ቦርድ ወረቀቱን አንብቦ ይመጣል።

የተጣላችሁ ከሆነ ሥልጠና አትጥሩ። መጀመሪያ አስታራቂ፣ ከዚያ ሥልጠና። በጥል ላይ ያለ ቦርድ የተማረውን አንቀጽ ሁሉ ለመወጋጊያ ነው የሚያውለው።

መቼ ይሁን?

የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ጥቅምት ጥሩ ነው። ክረምቱ አልፏል። አዲሱ የኦዲት ሪፖርት እጃችሁ ላይ ነው፤ ለመማሪያ ከዚያ የተሻለ መጽሐፍ የለም። በፈረንጅ ዓመት የምትዘጉ ከሆነ ደግሞ የኦዲቱ ሪፖርት እንደወጣ፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ይስማማል። ጥር የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ አታስቡት። ለከተራና ለጥምቀት እንግዳው ሁሉ ወደ ጎንደር ይመጣል፤ አልጋው ይወደዳል፣ አዳራሽ አይገኝም፣ ግማሹ የቦርድ አባልም ታቦት አጃቢ ነው። የጾም ወቅት ላይ ከዋለ ምሳውን አስቀድማችሁ በጾም እዘዙ። ከቅዳሜዎቹም ወርኃዊ በዓል ያልዋለበትን ምረጡ። ቀኑን ስትቆርጡ የሚቀጥለውን መደበኛ ስብሰባ ቀን አብራችሁ ቁረጡ፤ ከሥልጠናው አንድ ወር ባልበለጠ ጊዜ ይሁን። የዚያ ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ በሥልጠናው ላይ የተረቀቀውን ቅጽ ወይም ደንብ ማጽደቅ ይሁን። ጸሐፊው ረቂቁን ከሳምንት በፊት ለሁሉም ይላክ።